ተከራካሪ ያጣ ሰው

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። ከበሩ አጠገብ የቆማችሁትም ግቡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይደርስም። የማርቪን ፐርሎውን የሀዘን ሰሞን ላወራችሁ ነው። ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ በዚያ ሳሎን ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበርና። ግማሹን ደግሞ ልጁ ሮቢን ቆይታ አጫውታኛለች።

«ቪዬራን ሸጡት እንዴ?» አለ ማርቪን።

ከገባን ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነበር። የኛን የአይሁዶቹን የለቅሶ ደንብ ታውቃላችሁ። ሀዘንተኛው ከመሬት ብዙም ከፍ በማይል በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ እሱ አፉን እስኪከፍት ትንፍሽ አይልም። ካወራ ይወራል፤ ዝም ካለ አብሮት ዝም ይባላል። የቤቱ መስተዋቶች በአንሶላ ተሸፍነዋል። ሮቢን ቴሌቪዥኑንም ሸፍናዋለች፣ ሬዲዮውን ከኩሽና አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ሐምሌ ነበር፤ ከሐይቁ የሚመጣው አየር እንኳ ይወብቃል፣ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ማርቪን የጠየቀው ሼልደን ፊንክን ነው። ሼልደን አጥር ተጋሪው ነው፣ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት፤ ስለ ሽመላዎቹ፣ ስለ ቤዝቦል ቡድናችን ማለቴ ነው፣ ከማርቪን ጋር ሲነታረክ ነው ያረጀው። ሼልደን ጫማውን አየ።

«እንጃ» አለ። «አልሰማሁም።»

ውሸቱን ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ኦርላንዶ ቪዬራን፣ ያን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሲቀበልልን ጉልበቱን የጨረሰውን ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ፕሬስኮት ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሰዶት፣ በምትኩ ጢም ያላበቀሉ ሦስት ወርዋሪዎች ተቀብሏል። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሰው ቆሞ ይሳደብ ነበር። ፕሬስኮት ማለት ኮምፒዩተሩን ሳያማክር ምሳ የማይበላ ልጅ ነው፤ «ከሦስት ዓመት በኋላ ታዩታላችሁ» ይለናል፣ ሦስት ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት ይጨምርበታል። ይሁንና ሮቢን እያንዳንዳችንን በር ላይ ይዛ፣ «ስለ ቪዬራ እንዳትነግሩት፣ አደራ» ብላናለች።

«ቢሸጡት ጥፋት ነው» አለ ማርቪን ቀስ ብሎ። ዓይኑን ከሼልደን ላይ አልነቀለም። «ጉልበቱ ቢያመውም እነዚያን ወርዋሪ ልጆች የሚገራቸው እሱ ነው። ሰው ዕድሜውን ሰጥቶህ፣ ሲደክም እንደ አሮጌ ፍሪጅ ደጅ አታወጣውም።»

«ልክ ነህ» አለ ሼልደን።

ማርቪን ቅንድቡን አነሳ። ሼልደን እኮ፣ ልጆቼ፣ የወጣት ወገን ነበር። ያረጀ ይሸጥ፣ ገበያ ሳለው ይሸጥ፣ ባይ ነው። የማርቪን ሚስት ብላንሽ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት እንኳ፣ በዚሁ በቪዬራ ጉዳይ ከማርቪን ጋር በአጥር ላይ ሲጯጯሁ፣ ብላንሽ ብቅ ብላ «በርታ ሼልደን፣ እኔም ካንተ ጋር ነኝ!» ስትለው ሰምቻለሁ።

«ልክ ነኝ?» አለ ማርቪን።

«በትክክል።»

«እንግዲያው ወጣቶቹን ጠራርገው ይሽጡና አርባ ዓመት ያለፈውን ብቻ ይሰብስቡ። ከዘራ የያዘም ይምጣ።»

ሼልደን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱም... ልምድ አለው።»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሀዘንተኛን ማን ይቃወማል? ባሏ የሞተባት ሴት ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ብትል፣ አዎ የኔ እህት፣ እኛም አይተናል እንላለን። እንዲህ ነው ያደግነው። ማርቪን ግን አንድ በአንድ አየን። የሚፈልገው ሰው ከመሃላችን እንደሌለ ሲያውቅ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኛም ተነስተን፣ «ከጽዮንና ከኢየሩሳሌም ሀዘንተኞች ጋር እግዚአብሔር ያጽናናህ» ብለን፣ ተራ በተራ ወጣን።

ብላንሽ ድንገት ነው የሞተችው። ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እንዳለች ልቧ ቆመ። ያን ዕለት ማታ ከማርቪን ጋር ጨዋታ ሊያዩ ነበር።

ስታዲየም ውስጥ ያላየኋቸው ጊዜ የለም። በሦስተኛው ማዕዘን በኩል፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ነፋሱ ኮፍያ በሚነጥቅበት ቦታ ነበር ወንበራቸው። ከጊዜ በኋላ የብላንሽ ዓይን ደከመ። ሜዳው ለእሷ አረንጓዴ ጭጋግ ሆነ፤ ፊትህን የምታየው ዳር ዳሩን ነው፣ መሃሉ የለም። መምጣቷን ግን አልተወችም። ማርቪን እያንዳንዱን ውርወራ በጆሮዋ ይነግራታል።

«ወደ ውስጥ ወረወረ። አልመታውም።»

«ሰምቻለሁ። ዱላው አየር ነው የመታው። ሽጡት።»

«አንድ ኳስ ቢስት ትሸጪዋለሽ?»

«ከመሳቱ በፊት ነበር መሸጥ ያለባቸው፣ አሁንማ ማን ይገዛዋል?»

ከዚያ በቃ ይጀመራል። እሱ ስለ ታማኝነት ያወራል፣ እሷ ስለ ዕድሜና ስለ ጉልበት። እሱ «ይኼ እኮ ቡድን ነው፣ የዶሮ ገበያ አይደለም» ሲል፣ እሷ «ካላሸነፉ ምኑን ቡድን ሆኑት» ትለዋለች። መኪናቸው ውስጥ ይቀጥላል። ደጃቸው ላይ ሞተሩን አጥፍተው ሳይወርዱ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ የመኪናው መስኮት ጉም ይለብስ ነበር።

ሰንበት መጥታ አለፈች። ሰዉም ይመጣል ይሄዳል። ሴቶቹ የተቀቀለ እንቁላልና የታጨሰ ዓሣ ይዘው ይገባሉ፣ ሳህኑን ኩሽና ያስቀምጡና ሹክሹክታ ይጀምራሉ።

«ዛሬስ ተናግሯል?»

«አዎና አይደለም ብቻ።»

«እንደዚያ ክረምት እንዳይሆን ብቻ።»

ሮቢን ይኼን ስትሰማ ከቧንቧው ሥር የያዘችው ብርጭቆ እጇ ላይ ይቆማል። እሷም ሀዘንተኛ ናት፤ እንደ ደንቡ ተቀምጣ ሌላ ሰው ነበር ሊያስተናግድላት የሚገባው። ሴቶቹ «አረፍ በይ እንጂ ልጄ» ሲሏት «እሺ» ትላለች፣ ተመልሳም ሳህን ታጥባለች። ኮሎምበስ ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዝም ማለት ሙያዋ ነው እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ያን ክረምት እሷም አትረሳውም። ወንድሟ ጆኤል ወጣት ሳለ ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ በረዶ መኪናውን አንሸራቶት ሞተ። ማርቪን ልጁን ቀብሮ መጣና አፉን ዘጋ። አልጮኸም፣ አልሰከረም፣ ሥራውንም አልተወም። ዝም ብቻ አለ። እራት ላይ የሹካው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብላንሽ ስለ ጆኤል ስታነሳበት ተነስቶ ይወጣል። ስለ አየሩ ስታነሳ ራሱን ይነቀንቃል። ሐኪም መጣ፣ ረቢውም መጣ፤ በትህትና ተቀብሏቸው፣ በትህትና ሸኛቸው። ሮቢን ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓደኛዋ ቤት ትቆያለች፣ ቤቷ ጆሮዋን ስለሚያማት።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቀን፣ እራት ቀርቦ፣ ሬዲዮው ሽመላዎቹ ቼስተር ቦይድን እንደሸጡት ተናገረ። ቦይድ ማለት፣ ጆኤል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስሙን ጀርባው ላይ ለብሶት ይዞር የነበረው መቺ ነው። ማርቪን ሹካውን አስቀመጠ። ብላንሽ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤዝቦል የምትሰማው ልብስ ስትተኩስ ነው።

«ደግ አደረጉ» አለች።

ማርቪን ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ደግ አደረጉ አልኩ። ወገቡ አልቋል። ቆሞ ነው የሚውለው።»

«ቦይድ? ቦይድ ቆሞ ነው የሚውለው?»

«እንደ አጥር እንጨት።»

ማርቪን ተነሳ። ሮቢን ፎቅ ላይ ሆና የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ እንደ ድሮው ወፍራም፣ የተቆጣ፣ ቤቱን የሞላ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። ከታች እናቷ፣ ስለማታውቀው ሰው ወገብ፣ ቃል በቃል ስትመልስ ይሰማታል። እራቱ በረደ። በዚያ ክርክር መሃል ማርቪን «ጆኤል ቢኖር ይኼን ስትዪ ምን ይልሽ ነበር!» አለ። የልጁን ስም ከቀብሩ በኋላ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ሴቶቹ ኩሽና ውስጥ የፈሩት ይኼን ነው። ዝምታው መልሶ እንዳይወስደው። ያን ጊዜ ብላንሽ ነበረች። አሁን ማን አለ?

የሀዘኑ ሳምንት እየተገባደደ ሳለ ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። ተያየን። የለቅሶ ቤት በር ተከፍቶ ነው የሚውለው፣ የሚደውል የለም። ዶሎረስ ኮቫልችክ ነበረች፤ ስታዲየም ውስጥ ከማርቪንና ከብላንሽ ኋላ የምትቀመጥ ካቶሊክ ሴት፣ ድምፅዋ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ፣ ባሏ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ የነበረ። በሁለት እጇ ትልቅ ሳህን ታቅፋለች።

«ማርቪን! ምን ጉድ ነው፣ ምነው መሬት ላይ አስቀመጡህ?»

ሼልደን ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ «ዶሎረስ፣ እሱ ሳይጀምር አይወራም» አላት።

«እና እሱ ባይጀምርስ? ሁላችሁም እንዲህ ተኮልኩላችሁ ልትመሹ ነው?»

ሳህኑን ማርቪን ፊት አስቀመጠች። «ድንችና አይብ ብቻ ነው ያለበት። አሳማ የሚባል አልነካውም፣ ዕቃውም አዲስ ነው። የኛንም ቄስ ጠይቄያለሁ።»

«ቄሳችሁ ስለኛ ምግብ ምን ያውቃል?» አለ ማርቪን።

«ምንም። ግን ሰው ሲጠይቀው ደስ ይለዋል።»

የማርቪን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነበር ልል እችላለሁ። ዶሎረስ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ጉልበቱን መታ አደረገችው።

«ቪዬራ ላይ የሠሩትን አየህልኝ? ይኼ ፕሬስኮት የሚሉት ልጅ እናት የለውም?»

«ዶሎረስ!» አለች ሮቢን ከኩሽናው በር። ዘግይታለች።

«ሸጡት?» አለ ማርቪን።

«አልነገሩህም? ከተሸጠ እኮ ሰነበተ! በሦስት ልጆች። አንደኛው ጥርሱን ገና በሽቦ አስሮ ነው የሚዞረው።»

ማርቪን ዞሮ ሼልደንን አየው። ሼልደን አንገቱ ድረስ ቀላ።

«አልሰማሁም አልከኝ።»

«ማርቭ... እንዳናስከፋህ ብለን ነው።»

«ሚስቴ ሞታብኛለች፣ ሼልደን። በቪዬራ ነው የምከፋው?» ከዚያ ወደ ዶሎረስ ተመለሰ። «ብላንሽ ብትኖር ዛሬ ይኼ ቤት አይበቃትም ነበር። ‹አላልኩህም!› እያለች ትጨፍርብኝ ነበር። ሽጡት፣ ሽጡት ስትል ነው የከረመችው።»

ዶሎረስ ግራ ገብቷት አየችው። «ማን? ብላንሽ? ኧረ በፍጹም። እሷ እኮ ቪዬራን እንደ ልጇ ነው የምትወደው።»

«የኔ ብላንሽ?»

«አንተ ኦቾሎኒ ልትገዛ ስትነሳ ዞር ብላ ‹ዶሎረስ፣ ሰውየው እኮ እውነቱን ነው፤ ይኼን ልጅ መሸጥ ነውር ነው› ትለኛለች። ‹ታዲያ አትነግሪውም?› አልኳት። ‹ልክ ነህ ካልኩት ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አንቺ አላየሽውም› አለችኝ።»

ማርቪን እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«ሁልጊዜ ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«እንዲህ የምታደርገው። ሁልጊዜ ነው፣ ወይስ የምሯን የተቃወመችኝም አለ?»

ዶሎረስ መናገሯ ያኔ ቆጫት። «እንጃ የኔ ወንድም። አንዳንዴማ የምሯን ይመስለኛል። አዲሶቹን ወንበሮች ስትሰድብ የምሯን ነበር።»

በማግስቱ ማርቪን ጠዋት ከእኛ ጋር ጸሎቱን አደረሰ፣ ለሙታን የሚባለውንም ቆሞ አለ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። ሼልደን መጥቶ ተቀመጠና ሄደ። ረቢው መጥተው ተቀመጡና ሄዱ። ሮቢን ሻይ አቀረበችለት፣ ራሱን ነቀነቀ። ሻዩ በረደ፣ ሌላ አቀረበችለት፣ ነቀነቀ። ሴቶቹ ኩሽና ውስጥ «ያቺ ሴትዮ ናት ያመጣችው» አሉ።

ማርቪን ግን እየቆጠረ ነበር፤ ቆይቶ ለሮቢን እንደነገራት። ክርክሮቻቸውን አንድ በአንድ እያነሳ ያገላብጣል። ያ በግራ እጁ የሚወረውረው፣ በዝናብ ቀን የተሸጠው፣ ብላንሽ መሸጡን ደግፋ ሦስት ቀን ያኮረፈችኝ፤ የምሯን ነበር? አሠልጣኙ ሲባረር «ጊዜ ስጡት» ያልኩትን ስታፌዝብኝስ? በሕልሟም ስለ ወጣቶቹ ታወራ ነበር እኮ፤ ሰው በሕልሙ ይዋሻል? በልቡ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይጠራጠርና ይመልሰዋል። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቸኝነት ተሰምቶት ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ዓይነት መጣበት፤ ስታዲየሙ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ድሮም ለብቻው ሲጮህ የኖረ መሰለው። እኔ ስከራከር ማን ነበር አጠገቤ የተቀመጠው? ይላል። ይኼን ልትመልስለት የምትችለውም እሷ ብቻ ነበረች።

በሀዘኑ የመጨረሻ ጠዋት፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ ሼልደን በርጩማው ፊት ቆመና «ተነሱ» አላቸው። እንደ ደንባችን ሀዘንተኞቹ ያን ጊዜ ተነስተው ከቤት ይወጣሉ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረው ይመለሳሉ፣ በዚያው ወደ ሰዉ ተመለሱ ማለት ነው። ማርቪንና ሮቢን ወጡ። እኛ ከደጁ ሆነን እናያቸዋለን፤ የሚሉትን ግን ከሮቢን ነው የሰማሁት።

ጠዋቱ ገና ቀዝቀዝ ያለ ነበር። የሣር ውኃ ማጠጫዎቹ ይሽከረከራሉ፣ የቆሻሻ መኪናው ከደጅ ደጅ ይቆማል። ሮቢን በዚያው ዕለት ወደ ኮሎምበስ ልትመለስ ነው።

«ሼልደን ጥሩ ሰው ነው» አለ ማርቪን። ከትናንት ወዲያ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነው።

«አዎ አባዬ።»

«ዛሬም ይሞቃል።»

«ይሞቃል።»

«መንገድ ላይ ርቦሽ እንዳይቆይ ዓሣውን ይዘሽ ሂጂ።»

«እሺ።»

ማርቪን ጥቂት ሄደና ልጁን በጎን አያት። ሳምንቱን ሙሉ አይቷታል፣ ግን አላያትም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ለመጣው ሁሉ እሺ፣ አዎ፣ ደህና ነኝ ስትል ከርማለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስታለቅስ አልታየችም። ማን ተቃወማት? ማንም። ሁላችንም ለእሷም ራሳችንን ነቀነቅንላት።

ማዕዘኑን ታጠፉ።

«እናትሽ» አለ ማርቪን፣ «ስለ ቤዝቦል ምንም አታውቅም ነበር።»

ሮቢን ቆመች። «ምን አልክ?»

«ምንም አታውቅም። ከሬዲዮ የሰማችውን ነው የምትደግመው።»

«አባዬ፣ እንዴት እንዲህ ትላለህ?»

«ዓይኗ አያይ፣ ጋዜጣ አታነብ። ከየት ታምጣው?»

«ከኔ ነዋ!» ጮኸች። ውኃ የምታጠጣ ሴት ከአጥር በላይ ቀና አለች። «ከኔ! ማን ያነብላት የነበረ መስሎህ ነው? በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በስልክ፣ የስፖርቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች! ቤዝቦል እጠላለሁ እኮ፣ ታውቃለህ እንደምጠላው፣ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ ያስጠላችሁኝ! ግን አነብላታለሁ። ‹ቆይ ቆይ፣ እሷን ድገሚልኝ› ትለኛለች። እደግምላታለሁ። ‹አባትሽ በዚህ ነገር ምን የሚል ይመስልሻል?› ትለኛለች። እነግራታለሁ። ‹በይ እንግዲህ ማፍረሻ ፈልጊልኝ› ትላለች። አንዳንዱ እኮ ማፍረሻ የለውም! ምሳ ሰዓቴን ስፈልግላት እጨርሳለሁ። ሳገኝላት ትስቃለች፣ አባዬ፣ እንደዚያ ስትስቅ አንተ እንኳ አልሰማሃትም። ‹ዛሬ ማታ ሰውየው አለቀለት› ትለኛለች። ስለ ወንድሜ የምታወራኝም ያኔ ነው። እኔን ደህና ነሽ ወይ የምትለኝም ያኔ ነው። ምንም አታውቅም ትለኛለህ!»

ትንፋሽ አጠራት።

«ስለዚህ ሁለት ነበራችሁ የምትቃወሙኝ» አለ።

«ሁለት ነበርን!» አለችና ፊቷ ተለወጠ። አፏን በእጇ ያዘች። ሳምንቱን ሙሉ ያልመጣው ዕንባ እዚያው የእግረኛ መንገዱ ላይ መጣ። «አሁን ጠዋት ጠዋት... መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ማንን ልደውል?»

ማርቪን አላባበላትም። ቁጭት ያለው ሰው ትከሻው ሲታሸት ዝም እንደሚል ያውቃል። አብሯት ቆመ። መሀረቡን ሰጣት፣ አፍንጫዋን እስክትናፈጥ ጠበቀ፣ ከዚያ መንገድ ጀመሩ።

«ለነገሩ» አለ ወደ ፊት እያየ፣ «ሳስበው ሳስበው፣ ቪዬራን መሸጣቸው ልክ ነው።»

ሮቢን መሀረቡን ከፊቷ አወረደች። «አንተ? አንተ ነህ ይኼን የምትለው?»

«አርጅቷል።»

«አርጅቷል? ባለፈው ወር ብቻ ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ማዕዘን ሾልከው የሮጡትን ሁሉ በውርወራው አስወጥቷቸዋል! ሁሉንም! ራሴ ነኝ ያነበብኩላት!»

«አጋጣሚ ነው።»

«አጋጣሚ! አባዬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከሱ የሚሻል ክንድ ካለ አሳየኝ!»

እየመጡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማን ነበር። ሼልደን «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ወደ ደረጃው ወረደ፤ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው። ዙሩ አልቋል። ደንቡ አንድ ነው፤ ዞሮ መግባት።

ማርቪን ደጁ ጋ ደረሰ። የተከፈተውን በር አየ፣ እኛን አየ። ሮቢን እጇን እያወራጨች ገና ቪዬራ ላይ ናት፣ ቤቱ መድረሱንም አላየችም። ክንዱን በክንዷ ውስጥ አስገባና፣ ደረጃውን አልፎ፣ ቀስ እያለ ሁለተኛውን ዙር ጀመረ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ብላንሽ ፐርሎውን አስቧት። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።